የልብና የስኳር በሽታ በምርመራ እንዴት ይታወቃል?

(በሬዲዮ ከተላለፈ የመሠረተ ትምህርት ንግግር የተወሰደ)

 

በዛሬው ዝግጅታችን የምንነጋገረው ስለ ልብ፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር በሽታ ምርመራ ነው። ስለ መድኃኒቱ አይደለም፤ መድኃኒቱን ሐኪሙ ይነግራችኋል። የእኛ ጥያቄ ከዚያ የሚቀድመው ነው። ሐኪሙ ደረታችንን ሳይከፍት፣ ልባችንን በእጁ ሳይዝ፣ በውስጣችን ያለውን በምን ያውቃል? ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር።

የማያም በሽታ

እስቲ በመሪ የምትኖር አንዲት እናት እናስብ። ዕድሜዋ ከሃምሳ አልፏል። ማለዳ ተነሥታ ቤቷን ትጠርጋለች፤ ገበያ ወጥታ ዘንቢሏን ሞልታ ትመለሳለች። ጎረቤቷ «ጤና ጣቢያ ሄደሽ ግፊትሽን ተለኪ እንጂ» ስትላት፣ «ኧረ እኔ ምንም አላመመኝም! ደህናውን ሰው ልታሳምሙኝ ነው?» ብላ ትስቃለች።

እውነት ለመናገር ይህ መልስ የብዙዎቻችን መልስ ነው። ጥርስ ሲነቀዝ ያማል፤ እግር ሲቆስል ያማል፤ ስለዚህ በሽታ ሁሉ የሚያም ይመስለናል። የደም ግፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ አያምም። በደም ውስጥ ቀስ በቀስ የሚጨምር ስኳርም ለብዙ ጊዜ አይሰማም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ይሄኛው ግን ከባለቤቱም ጭምር ራሱን የሚደብቅ በሽታ ነው። ብቅ የሚለው አንድ ቀን እጅ ሲዝል፣ አፍ ሲጣመም፣ ዓይን ሲፈዝ ወይም ኩላሊት ሲደክም ነው።

ነገሩ የጥቂት ሰዎች ጉዳይም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ከተማ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 64 ዓመት የሆነ 3,713 ሰዎች ተመርምረው ነበር። ከመቶው ወንድ 31.5፣ ከመቶው ሴት ደግሞ 28.9 ከፍተኛ የደም ግፊት ያላቸው ሆነው ተገኙ። ይህም ማለት ሦስት ጎልማሶች ለቡና ቢቀመጡ አንዱ የግፊት ሰው ነው እንደማለት ነው። ሦስቱም ሲኒያቸውን ይዘው ሲጫወቱ ግን ማንኛው እንደሆነ በፊታቸው አይታወቅም።

ፓምፕ፣ ቧንቧና በር

ልብ ፓምፕ ነው። በመሪና በአያት አካባቢ ፎቅ ቤት የምትኖሩ ሁሉ ውኃ ወደ ላይኛው ፎቅ በራሱ እንደማይወጣ ታውቃላችሁ። የሚገፋው ፓምፕ አለ፤ የሚሄድበት ቧንቧ አለ፤ ተመልሶ እንዳይወርድ የሚያግድ በር አለ። ልብም እንዲሁ ነው። ጡጫ የሚያህል ጡንቻ ሆኖ አራት ክፍሎችና አራት በሮች አሉት። በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። ፓምፑን ኤሌክትሪክ እንደሚያስነሳው ሁሉ፣ ልብንም የሚያስነሳው ከራሱ የሚፈልቅ ደካማ ኤሌክትሪክ ነው።

በቧንቧው ውስጥ የሚሄደው ደም ደግሞ ከምግባችን የተገኘውን ስኳርና ስብ ይዞ ይዞራል። ስኳሩ ወደ ሰውነታችን ሕዋሳት እንዲገባ የሚያደርገው ቆሽት ከሚባለው ዕጢ የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን ሲያንስ፣ ወይም ሰውነት አልታዘዝለት ሲል፣ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል። የስኳር በሽታ የምንለው ይህንን ነው። የተከማቸው ስኳርና ስብ ከዓመት ዓመት ቧንቧውን ይጎዳል፤ ቧንቧው ሲጎዳ ፓምፑ ይደክማል። የልብና የስኳር በሽታ ሁለት ቢመስሉም አንዱ የሌላውን በር ይከፍታል።

ከዚህ በመነሣት ሐኪሙ አምስት ጥያቄዎችን ይጠይቃል። በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ምን ያህል ነው? በደሙ ውስጥ ምን አለ? ኤሌክትሪኩ በሥርዓት ይሄዳል ወይ? የፓምፑ መጠን ምን ያህል ነው? በሮቹስ በደንብ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ? ለእያንዳንዱ ጥያቄ የየራሱ መሣሪያ አለው። አንዱ መሣሪያ የሌላውን ጥያቄ አይመልስም። የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይህ ነውና በልባችሁ ያዙት።

አንደኛ፤ የግፊት መለኪያ

በክንድ ላይ ተጠምጥሞ በአየር የሚነፋውን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1896 የሠራው ሪቫ ሮቺ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ደግሞ ኮሮትኮቭ የሚባል ሩሲያዊ ሐኪም ማዳመጫውን በክንድ ላይ አሳርፎ የደሙን ድምፅ መስማት እንደሚቻል አሳየ። አሠራሩ ይህ ነው። ጨርቁ ሲነፋ ቧንቧው ይታፈናል፤ ድምፅ የለም። አየሩ ቀስ እያለ ሲለቀቅ ደሙ ጥሶ ማለፍ ይጀምርና «ዱክ፣ ዱክ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ድምፁ የተጀመረበት የላይኛው ቁጥር ነው። ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ድምፁ የጠፋበት የታችኛው ቁጥር ነው። «120 በ80» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። በጤና ጣቢያ በተደጋጋሚ ተለክቶ የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰና ከበለጠ፣ ከፍተኛ የደም ግፊት ይባላል።

ልብ በሉ፤ «በተደጋጋሚ» ነው ያልነው። ዳገት ወጥቶ እያለከለከ የደረሰ ሰው ግፊቱ ይጨምራል። ቡና የጠጣ፣ ሲጋራ ያጨሰ፣ ሽንቱን የቋጠረ፣ የተናደደ ሰውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ከመለካታችሁ በፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል ቡና አትጠጡ። አምስት ደቂቃ ጀርባችሁን አስደግፋችሁ ተቀመጡ። ክንዳችሁ በልባችሁ ትክክል በጠረጴዛ ላይ ይረፍ። በሚለካበት ጊዜም አታውሩ።

ሁለተኛ፤ ላቦራቶሪ

ቀድሞ የስኳር በሽታ በብዛት የሚፈለገው በሽንት ነበር። ሽንቱ ቤኔዲክት ከሚባለው ሰማያዊ ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ ይፈላል። ስኳር ከሌለ ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል፤ ካለ ወደ አረንጓዴ፣ ወደ ቢጫ፣ ሲበዛም ወደ ሸክላ ቀይ ይለወጣል። ዘዴው ርካሽ ቢሆንም አንድ ጉድለት አለው። ኩላሊት በደም ውስጥ ያለው ስኳር እስከ 180 ሚሊ ግራም አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ወደ ሽንት አያሳልፍም። ስለዚህ ሽንቱ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ደሙ የታመመ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ደሙን ራሱን መመርመር አስፈለገ።

ዋናው ምርመራ በባዶ ሆድ የሚደረገው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የምርመራ ጾም የሃይማኖት ጾም አይደለም። «ጾመኛ ነኝ፤ ሥጋ ወተት አልቀመስኩም፤ ሽሮ ብቻ ነው የበላሁት» ብሎ የሚቀርብ ሰው ለላቦራቶሪው ጾመኛ አይደለም። ሽሮውም እንጀራውም በሆድ ውስጥ ስኳር ይሆናሉ። ስኳር የገባበት ሻይም አይፈቀድም። ማታ እራታችሁን በልታችሁ ቢያንስ ለስምንት ሰዓት ከውኃ በስተቀር ምንም ሳትቀምሱ ጠዋት ትቀርባላችሁ። መድኃኒት የምትወስዱ ግን ያን ቀን እንዴት እንደምትወስዱ አስቀድማችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ውጤቱ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም 126 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነና በሌላ ቀን ተደግሞ እንዲሁ ከተገኘ የስኳር በሽታ ነው።

ታዲያ አንድ ሰው ለቀጠሮው ሲል ሁለት ቀን ብቻ ተጠንቅቆ ቢበላስ? ለዚህ ደግሞ ሌላ ምርመራ አለ፤ «ኤ ዋን ሲ» ይባላል፤ ብዙ ሰው «የሦስት ወር ስኳር» ይለዋል። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ይኖራል። በደም ውስጥ ሲዞር ስኳሩ ይለጠፍበታል። ብዙ ስኳር ባለበት ብዙ ይለጠፋል። ላቦራቶሪው የተለጠፈውን ለክቶ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ ያወጣል። 6.5 ከመቶና ከዚያ በላይ የስኳር በሽታ ምልክት ነው። የአንድ ቀን ጥንቃቄ ይህንን ምርመራ አያታልለውም። ሆኖም ደም ማነስ ያለበት ወይም ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ውጤቱ ሊዛባ ስለሚችል ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ከዚያው ደም ሌሎች ነገሮችም ይታያሉ። ኮሌስትሮልና ሌሎች የስብ ዓይነቶች ቧንቧው ምን ያህል አደጋ ላይ እንዳለ ይጠቁማሉ። ክሬያቲኒን ኩላሊት ቆሻሻን ምን ያህል እያጣራ እንደሆነ ይናገራል። ድንገት ደረቱን አሞት ለሚመጣ ሰው ደግሞ ትሮፖኒን የሚባል ነገር ይመረመራል። ይህ የልብ ጡንቻ ሲጎዳ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ ደም የሚፈስ ነው።

ሦስተኛ፤ የልብን ኤሌክትሪክ የሚጽፍ መሣሪያ

ይህ ኢ.ሲ.ጂ. የሚባለው ነው። ሥራ ላይ ያዋለው አይንትሆቨን የሚባል የሆላንድ ሳይንቲስት ሲሆን፣ በዚህም እ.ኤ.አ. በ1924 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። በእሱ ዘመን ታማሚው እጆቹንና እግሩን ጨው በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ መንከር ነበረበት። ዛሬ 10 ገመዶች በደረት፣ በእጅና በእግር ላይ ይለጠፋሉ። ገመዶቹም የልብን ኤሌክትሪክ ከ12 አቅጣጫ አይተው በወረቀት ላይ ይጽፉታል።

አንዳንድ ሰው ገመዱን ሲያይ «ኤሌክትሪክ ሊይዘኝ ነው» ብሎ ይፈራል። መሣሪያው ከእናንተ ይቀበላል እንጂ ወደ እናንተ የሚልከው ነገር የለም፤ አያምምም። የልብ ምት ሲዛባ፣ የልብ ጡንቻ ደም ሲያጥረው፣ ቀድሞ የተጎዳ ቦታ ሲኖር ጽሑፉ ይለወጣል። ነገር ግን የሚጽፈው የጥቂት ሰኮንዶችን ታሪክ ብቻ ነው። ማታ የተዛባ ልብ ጠዋት በሥርዓት ሊመታ ይችላል። ስለዚህ «ኢ.ሲ.ጂ. ተነሥቼ ደህና ነህ ተብያለሁ፤ ልቤ ምንም የለበትም» ማለት አንድ ገጽ አንብቦ መጽሐፉን ጨረስኩ እንደማለት ነው።

አራተኛ፤ ራጅ

ራጅን እ.ኤ.አ. በ1895 ያገኘው ሮንትገን የሚባለው ጀርመናዊ ነው። ራጅ ጥላ ነው። አጥንት ነጭ ሆኖ ይታያል፤ አየር የሞላው ሳንባ ይጠቁራል፤ ልብ በመካከል ነጣ ብሎ ይታያል። በአዋቂ ሰው የልብ ጥላ ስፋት ከደረቱ ስፋት ግማሽ በላይ ከሆነ ልብ ሳይሰፋ እንዳልቀረ ያስጠረጥራል። በሳንባ ውስጥ ውኃ ካለም ይታያል። ሆኖም ጥላ ስለሆነ በልቡ ውስጥ ያሉትን በሮች አያሳይም። እርጉዝ የሆናችሁ፣ ወይም እርጉዝ ልንሆን እንችላለን የምትሉ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ለባለሙያው ንገሩ።

አምስተኛ፤ በድምፅ የሚያይ መሣሪያ

የልብን በሮች ሲከፈቱና ሲዘጉ የሚያሳየው የልብ አልትራሳውንድ ነው፤ በተለምዶ ኢኮ ይባላል። ከእንጦጦ ኮረብታ ገደል አጠገብ ቆማችሁ ብትጣሩ ድምፃችሁ ተመልሶ ይመጣላችኋል፤ ያ የገደል ማሚቶ ነው። ኢኮም ጆሯችን የማይሰማውን ረቂቅ ድምፅ ወደ ልብ ይልካል፤ የተመለሰውን ተቀብሎ ሥዕል ይሠራበታል። እ.ኤ.አ. በ1953 በስዊድን አገር ኤድለርና ኸርትዝ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በዚህ ዘዴ ልብን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመለከቱ፣ የተጠቀሙት የብረት ስንጥቅ መፈለጊያ መሣሪያ ተውሰው ነበር። ኢኮ ጨረር የለውም፤ ለእርጉዝም ለሕፃንም አይጎዳም። ሐኪሙ ልብ በአንድ ምት ከያዘው ደም ምን ያህሉን እንደሚገፋ በዚህ ይለካል። በጤናማ ልብ ከግማሽ በላይ ነው።

በአገራችን ይህ መሣሪያ በተለይ ለልጆች ያስፈልጋል። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ዕድሜው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው አንዳንዴ መነሻው ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። በወቅቱ ካልታከመ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ሊያመጣ ይችላል። ያን ጊዜ ሰውነት ጀርሙን የሚዋጋ መስሎት የራሱን የልብ በሮች ያቆስላል። ሕመሙ በተደጋገመ ቁጥር በሮቹ እየጠበቡ ወይም እያፈሰሱ ይሄዳሉ። እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል ማስቧጠጥ ይህንን አይከላከልም፤ ደም ማፍሰስና መመረዝ ሊያስከትል ይችላል እንጂ። ልጁ የሚያስፈልገው ጤና ጣቢያ ነው።

ጆሮና መሣሪያ ምን ያህል እንደሚለያዩ የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ የሆነ ነው። በሞዛምቢክ 2,170 የትምህርት ቤት ልጆች ተመረመሩ። ሐኪሞች በማዳመጫ መርምረው በሽታው በኢኮ የተረጋገጠላቸው 5 ልጆች ብቻ ነበሩ። ሁሉም በኢኮ ሲታዩ ግን በሽታው የተገኘባቸው 66 ሆኑ። እንግዲህ 61 ልጆች «ደህና ናቸው» ተብለው ሊሄዱ ነበር ማለት ነው። ቆይቶም እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት በኬፕታውንና በጅማ 4,720 ምንም ያላመማቸው ተማሪዎች በኢኮ ታይተው፣ በጅማ ከሺህ ልጆች ወደ 31 በሚጠጉት ላይ ምልክቱ ተገኝቷል። በጊዜ የተደረሰበት ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ እየወሰደ በሽታው እንዳይደገምበት ይጠበቃል። የዘገየው ግን የበር ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማኅበርን ያቋቋሙት ለእንዲህ ያሉ ልጆች ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የተሠራው የልብ ማዕከልም እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ጀምሯል።

ከነዚህ በላይ ሲቲ ስካን፣ ኤም.አር.አይ. እና በቀጭን ቱቦ ወደ ልብ ቧንቧ ቀለም ልኮ በራጅ የማየት ዘዴ አሉ። እነዚህ ውድ ስለሆኑና ትልቅ ሆስፒታል ስለሚፈልጉ የሚታዘዙት ቀላሎቹ ምርመራዎች ሳይመልሱት የቀረ ጥያቄ ሲኖር ነው። ውድ ምርመራ ሁሉ የተሻለ ምርመራ አይደለም። ግፊቱን ተለክቶ የማያውቅ ሰው በኤም.አር.አይ. አይጀምርም።

አገር እንዴት ይመረመራል?

አንድ ሰው እንደሚመረመር ሁሉ አገርም ይመረመራል። እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ ኢትዮጵያ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት የሆነ ከ9,000 በላይ ሰዎች በሦስት ደረጃ ተመርምረዋል። በመጀመሪያ ስለ አመጋገባቸውና ስለ ኑሯቸው ተጠየቁ። ቀጥሎ ክብደታቸው፣ ቁመታቸው፣ ወገባቸውና ግፊታቸው ተለካ። በመጨረሻም ደማቸው ተመረመረ። ከመቶው 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኘባቸው።

«እንዴ! ቅድም ከመቶ ሠላሳ አላላችሁም?» የምትሉ አላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የቅድሙ ከተማ ብቻ ነው፤ ዕድሜውም ከ25 ይጀምራል። ይሄኛው ገጠሩንም ወጣቱንም ይጨምራል። ቁጥር ሲነገር «የማን? የስንት ዓመት ሰው? የት?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። የራሳችሁ የምርመራ ወረቀትም በዚሁ ዓይን የሚነበብ ነው።

ወረቀታችሁን ራሳችሁ አንብቡ

አሁን ፊደል ቆጥራችኋል፤ ቁጥርም ታነባላችሁ። ስለዚህ ከላቦራቶሪ የሚሰጣችሁን ወረቀት አጣጥፋችሁ በመሶብ ሥር አታስቀምጡት። አራት ነገር ፈልጉበት።

1ኛ/ ስምና ቀን። ወረቀቱ የእናንተ ነው? መቼ የተሠራ ነው?

2ኛ/ የምርመራው ስም። ስኳር ነው፣ ኮሌስትሮል ነው ወይስ ሌላ?

3ኛ/ መለኪያው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስኳር በሁለት መለኪያ ይነገራል፤ አንዱ ሚሊ ግራም፣ ሌላው ሚሊ ሞል ነው። በአንዱ 126 የሆነው በሌላው 7 ነው። ዘመድ ከውጭ አገር የላከላችሁ መለኪያ በሚሊ ሞል የሚቆጥር ሊሆን ይችላል። «15 ብቻ ነው» ብላችሁ ብትደሰቱ፣ 15ቱ በሌላው መለኪያ 270 ነው! ከሚሊ ሞል ወደ ሚሊ ግራም ለመለወጥ በ18 ማባዛት ነው።

4ኛ/ በጎን የተጻፈው የጤናማ ሰው መጠን። የእናንተ ቁጥር ከዚያ በታች ነው፣ በመካከል ነው ወይስ በላይ?

ከዚያ በኋላ ለሐኪሙ «ይህ ምርመራ የትኛውን ጥያቄ ነው የመለሰው? ያልመለሰውስ የትኛውን ነው?» በሉት። መጠየቅ ነውር አይደለም። የድሮውንም ወረቀት አትጣሉት፤ የአንድ ቀን ቁጥር ቃል ነው፤ የዓመታት ቁጥር ሲደረደር ግን ዓረፍተ ነገር ይሆናል።

ውድ አድማጮች፣ ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። ቅጠሉ በእጃችሁ ነው። ግፊት መለካት የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። ዕድሜያችሁ ከሠላሳ ያለፈ ሁሉ ባያማችሁም ተለኩ። ጉሮሮውን ያመመውን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ። ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁም ወረቀቱን አንብቡለት። 

የቃላት ፍች

ቆሽት፤ ከጨጓራ በስተኋላ ያለ፣ ኢንሱሊን የሚያመነጭ ዕጢ።
የልብ በር፤ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ስስ ክዳን፤ ቫልቭም ይባላል።
ኢኮ፤ ልብን በድምፅ ሞገድ የሚያሳይ መሣሪያ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ሽንቱ ስኳር ያልተገኘበት ሰው በእርግጥ ከስኳር በሽታ ነፃ ነው? ለምን?
2. በምርመራ ጾምና በሃይማኖት ጾም መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
3. ራጅ የማያሳየውን ኢኮ የሚያሳየው ምንድን ነው?
4. መለኪያው 8 ሚሊ ሞል ቢል በሚሊ ግራም ስንት ይሆናል?
5. «አላመመኝምና አልመረመርም» ለሚል ጎረቤታችሁ ምን ትሉታላችሁ?